ከወንበሩ ሥር የተገኘው የቀለም ክዳን

ጋሽ ብሩሽ አርባ ዓመት የሰው ቤት ሲቀቡ ኖረው ጡረታ ወጡ እንጂ እጃቸው ጡረታ አልወጣም። በተለይ የመኪና ዓመታዊ ምርመራ ሲቃረብ ማን ይይዛቸዋል! ያቺን በሯ በተከፈተ ቁጥር የምታቃስት አሮጌ መኪናቸውን ግቢ ውስጥ ያቆሙና፣ ዝገት ባዩበት ሁሉ ስቱኮ ይሞላሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋሉ፣ ከዚያ ቀለሙን ያለብሷታል። መርማሪዎቹም እስከ ዛሬ ዞር ዞር ብለው አይተው ያሳልፏቸው ነበር። ዘንድሮ ግን አዲስ መርማሪ መጥቷል፣ እሱ የሚያየው በመዶሻ እየቆረቆረ ነው የሚል ወሬ ሰምተው እህል አልወርድ ብሏቸዋል።

ደግሞም አይፈረድባቸውም። ባለቤታቸው ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም ቤት የምትመላለሰው በዚህች መኪና ነው። የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት አትችልም። መኪናዋ ምርመራውን ከወደቀች ሕክምናውም አብሮ ይቀራል።

ማክሰኞ ጠዋት እሳቸው በጀርባቸው ተንጋለው ስቱኮ ሲለጥፉ፣ የወንድማቸው ልጅ እግር ጥሏት በዚያ ስታልፍ ከመኪና ሥር የወጡ ሁለት እግሮች አየች። ይህች ልጅ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ ብየዳ የተማረች፣ አሁን ደግሞ እዚያው የምታስተምር ናት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? እንደምን አደሩ?»

«ተመስገን ልጄ። እንዳልስምሽ እጄ ስቱኮ ነው። ለዓርቡ ምርመራ እያሰናዳኋት ነዋ! ሙሽራ ነው የማስመስላት።»

ልጅቱ ቁጢጥ ብላ የመኪናዋን ጎን በጣቷ አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ እኮ ብረት አይደለም። ከላይ እስከ ታች ስቱኮ ነው።»

«ስቱኮም ቢሆን የእኔ ስቱኮ ነው!»

«እሱማ አምሮበታል። ነገር ግን የዛገው ተቆርጦ መውጣት፣ በቦታውም አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። ከላይ ሲሸፍኑት እርጥበቱን ይዞ ውስጥ ውስጡን ይበላል።»

«ተይ እንጂ ልጄ! ይቺ እኮ አሮጊት ናት። አንዴ መቁረጥ ከጀመርሽ የት ላይ ታቆሚያለሽ? ትበተንና ባለቤቴን በምን ልወስዳት ነው?»

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም ቀብተው ያውቃሉ?»

ጋሽ ብሩሽ እንደተሰደበ ሰው ከመኪናው ሥር ተጎትተው ወጡ።

«እኔ? አንድ ባለቤት ‹ዝም ብለህ ከላይ አልብሰው› ቢለኝ ብሩሼን ጠቅልዬ ጥዬው የሄድኩ ሰው ነኝ! መጀመሪያ ልስኑ ይፈገፈጋል። ከዚያ ይደርቃል። ቀለም የሚመጣው መጨረሻ ነው!»

«ታዲያ በሰው ግድግዳ ላይ እሺ ያላሉትን፣ እትዬ በሚቀመጡባት መኪና ላይ እንዴት እሺ አሉ?»

የተረታ ሽማግሌ ምን እንደሚያደርግ መቼም የታወቀ ነው፤ ተቆጡ። «አሁን ብየዳ ተማርኩ ብለሽ የአባትሽን ወንድም ልታስተምሪ ነው!» አሉ። ውስጣቸው ግን ፈርቶ ነበር። የመኪናዋን ምንጣፍ ገልጠው ካዩ አራት ዓመት አልፏቸዋል፤ ያላዩት ነገር የሌለ መስሏቸው። በዚህ በጋሽ ብሩሽ የምንስቅ ሁሉ፣ እኛም ቤት ያልገለጥነው ምንጣፍ መኖሩን ባንረሳ ደግ ነው።

ጩኸቱን ሰምታ ባለቤታቸው በምርኩዝ እያዘገመች ወጣች።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም እትዬ። የእርስዎን ወንበር ሥር ብቻ ልየው ብዬ ነው» አለች ልጅቱ።

«እሱ ይቅር!» አለች ሴትዮዋ ፈጠን ብላ። አባባሏ ቢገርማቸው ሁለቱም ዞር ብለው ተያዩ።

ልጅቱ በሩን ከፍታ ምንጣፉን ገለጠችው። ከሥሩ ክብ የቆርቆሮ ክዳን ተቀምጧል፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ቀለም ደርቆበታል። ጋሽ ብሩሽ ገና ሲያዩት አወቁት። የመኝታ ቤታቸውን ግድግዳ የቀቡበት ቀለም ክዳን ነው። ልጅቱ ብታነሳው በቀዳዳው የግቢው ጠጠር ወለል ብሎ ታየ።

«ይህን ማን እዚህ አመጣው?»

ባለቤታቸው አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ። አምና በክረምት ውሃው ከመንገድ እየተረጨ እግሬን ሲያረጥበኝ ጊዜ ደፈንኩት።»

«እና እግርሽን ወንበሩ ላይ አጥፈሽ የምትቀመጪው...?»

«ብረግጠው ይሰምጥብኛል ብዬ ነው።»

«ሐኪሙ ጉልበትሽን አታጥፊ እያለሽ! አንቺ ሴትዮ፣ እንዴት አትነግሪኝም?»

«ምን ብዬ? ፀሐይ ላይ ስትለፋ ውለህ ‹ሙሽራ አስመሰልኳት› እያልክ ስትመጣ፣ ደስታህ አንጀቴን ይበላዋል። አንተ ከላይ ቀባህ፣ እኔ ከታች ሸፈንኩ።»

ጋሽ ብሩሽ የስቱኮው ባልዲ ላይ ቁጭ አሉ። ዓመት ሙሉ ጎኗ ተቀምጠው ሲነዱ ያችን የታጠፈች ጉልበት አላዩዋትም። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በዚያ ስቱኮ በነካው እጃቸው እንኳ ሊጠርጉት አልቻሉም።

«ቁረጪው ልጄ» አሉ።

በማግስቱ ልጅቱ የብየዳ ማሽኗን ይዛ መጣች። ወንበሩና ምንጣፉ ወጣ፣ ባትሪው ተነቀለ፣ የእሳት ፍንጣሪ ቀልድ አያውቅምና ባልዲ ውሃ አጠገብ ተቀመጠ። መቁረጥ ስትጀምር ጋሽ ብሩሽ «በቃ! በቃ!» ይላሉ፤ እሷ «ገና ነው ጋሼ፣ ጤነኛው ብረት ጋ አልደረስንም» ትላለች። ደግሞም ደረሱ። ይበተናል ተብሎ አራት ዓመት የተፈራው ነገር የአንድ ትሪ ስፋት ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ብረቱ ያበራል። አዲሱ ላሜራ ተበየደ፤ የመኪናዋም ጎን ስቱኮው ተልጦ እንደዚሁ ተበየደ። ጋሽ ብሩሽም ፈግፍገው ፀረ ዝገቱን ቀቡ። ዋናውን ቀለም ሲከፍቱ ግን ልጅቱ እጃቸውን ያዘች።

«እሱ ከምርመራው በኋላ ይሁን። መርማሪው ብየዳውን ማየት አለበት።»

ለጋሽ ብሩሽ መኪናዋን ሳይቀቡ ከግቢ ማውጣት ያለ ሱሪ አደባባይ የመውጣት ያህል ነበር። ግን ወጡ።

ዓርብ ዕለት መርማሪው በመዶሻው ቆረቆረ። ከሥር ገባ፣ ወጣ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የብየዳውን መስመር በጣቱ ዳሰሰው።

«ይህን ማን ሠራው?»

«የወንድሜ ልጅ! አስተማሪ ናት» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «እኔ ፈግፋጊው ነኝ። እንደፈለግክ እየው፣ የሸፈንኩት ነገር የለም።»

«ሰው ሁሉ እንዲህ ገልጦ ቢያመጣልኝ የእኔም ክንድ ባረፈ» ብሎ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ሦስቱም ወደ ቤት ሲመለሱ ባለቤታቸው መጀመሪያ እንደ ልማዷ እግሯን ሰበሰበች። ከዚያ አንዱን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አሳረፈች። ሌላውንም ደገመች። ጉልበቷ ተዘረጋ። ጋሽ ብሩሽ መንገዱን ትተው ወለሉን ሲያዩ «ወደ ፊት!» ብላ ጮኸችባቸው።

«ልክ ነበርሽ ልጄ» አሉ ከኋላ ለተቀመጠችው አስተማሪ። «በየዓመቱ የቀባሁበት ጉልበት ሁሉ ባክኗል። ገልጬ አይቼው ቢሆን በሁለት ቀን የሚያልቅ ሥራ ነበር፤ እሷም ዓመት ሙሉ ባልተሰቃየች። የተማረን ሰው መስማት እንዲህ ያሳርፋል ለካ!» ቀጥለው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አንቺም ሌላ የሸፈንሽብኝ ነገር ካለ ዛሬውኑ ተናገሪ።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች።

«ከጠየቅከኝማ፣ ያ የመኝታ ቤታችን አረንጓዴ... አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልወደድኩትም።»

ልጅቱ ከኋላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤታቸው እግሯን ዘርግታ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ቀለም ስትመርጥ፣ ከመኝታ ቤት የመፈግፈጊያ ድምፅ ይሰማ ነበር። ጋሽ ብሩሽ አረንጓዴውን እስከ ልስኑ ድረስ እያወረዱት ነው።