የባለሱቁ የቆሻሻ እቅድ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንዱ ቡሬ ላይ ሱቅ ያለው ጎልማሳ ነው፤ ሌላዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ የገጠር እናት ናቸው።

«ስብሰባ ላይ ስለ ቆሻሻ ቅነሳ እቅዴን ላቀርብ ነው» አላቸው።

«ለቆሻሻም እቅድ ይወጣል?»

«አዎ እናቴ። ሱቄ በር ላይ ሦስት በርሜል አቁሜያለሁ። ለካርቶን፣ ለፕላስቲክና ለሚበሰብስ።»

«ደግ አደረግህ። ሲሞላስ?»

«ካርቶኑንና ፕላስቲኩን ፋብሪካ ወስዶ መልሶ ይሠራበታል።»

«መጥቶ ወስዶ ያውቃል?»

«ገና ነው። ለጊዜው ሦስቱንም ወንዙ ዳር እንደፋዋለን።»

«ለይታችሁ ስታበቁ ደባልቃችሁ ትደፉታላችሁ?»

«ዋናው ሰው መለየቱን መልመዱ ነው።»

«ድልድዩ አጠገብ ያለው ሱቅ ያንተ ነዋ?»

«የኔ ነው። ያውቁታል?»

«እኔስ አላውቀውም። ላሜ ነበረች የምታውቀው።»

«ላምም ደንበኛ አለችህ በሉኛ» ብሎ ሳቀ።

«እዚያ ወንዝ ዳር ነበር የምትውል። ሞታ ሆዷ ሲከፈት ያለው ፌስታል ብቻ ነው። ሌላ የምትታለብ የለችኝም።»

«እኔ በምን አውቄ፣ እናቴ?» አላቸው።

«አልወቀስኩህም ልጄ። ስብሰባው ላይ ግን ቁጥሩን እንዳትሳሳት። በርሜሎቼ አራት ነበሩ፣ አንዷ ሞተችብኝ በላቸው።»

ልስቅ አፌን ከከፈትኩ በኋላ የሴትዮዋን ፊት በሾፌሩ መስተዋት አየሁና ፊቴን ወደ መንገዱ ዳር በቆሎ አዞርኩ።