ንጹህ ውሃ የጠጡት ባቄላዎች

እንዴት ዋልሽ፣ እህት ዓለም? ይቺን ወንበር ልሳባት? ተመስገን፣ ዛሬስ መስኮቱ ተከፍቷል! ኮምፒውተርሽ አሁንም በየገጹ ቀጥ ትላለች? አይዞሽ፣ የኮሌጁ መጽሔት ገጽ መቼ ያላንቺ ተቀናብሮ ያውቃል። ዛሬ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል አሉ... አንቺ ሥራሽን ቀጥዪ፣ እኔ ዝም ብዬ ላውራ። ድምፄን መቀነስ አልችልበትም፤ እዚያ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ድረስ ከተሰማ ይቅርታ።

የመጣሁት ሰው ላመሰግን ነው። ማንን እንዳትዪኝ! ስሙን ብጠራው ይሸማቀቃል፣ ትሑት ነው። ሽፋኑ ላይ ስሙን ያን ያህል አግንኖ ያወጣውም ሰው ለምኖት ነው አሉ። ማን እንደለመነው ግን... እንጃ።

የዶርሜን ልጅ፣ ባቄላው የምንለውን ታውቂው የለ? ሴሚስተሩን ሙሉ ባቄላ ሲያሳድግ ከረመ። ግማሹን ጣሳ የልብስ እጣቢ አጠጣ፣ ግማሹን ንጹህ ውሃ። አወዳድሮ ጻፈና ለአርትዖት ሰጠ። እጁ የተባረከ ሰው አገኘዋ! ንጹህ ውሃ የጠጡትን ከነጣሳቸው ከጽሑፉ ቆርጦ ጣላቸው። ለምን? «ምንም ያልሆነ ችግኝ አንባቢ ያሰለቻል» ብሎ! ሳይንስ ኮሌጅ ውስጥ ይህን ሁሉ ጊዜ ተቀምጦ ማወዳደሪያ የሚሰለቸው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ይሄ በትምህርት አይገኝም፣ እህቴ። ይሄ ተሰጥኦ ነው።

ቋንቋውስ! ልጁ «እጣቢው ሳይጎዳቸው አይቀርም» ያለውን «እነሆ፣ ተፈጥሮ አነባች!» አደረገለት። የልጁን ስም ብቻ ሳይነካ ተወለት... ደግ አይደል?

ባለፈው እትም ወጣ፣ አማካሪ መምህሩም አነበቡት። ክፍል መሃል አስነስተው «ከምን ጋር አወዳድረህ ነው?» አሉት። ጣሳዎቹን ላሳይዎት ቢል፣ «እኔ የማውቀው የታተመውን ነው። እዚያው መጽሔት ላይ እስኪታረም ቤተ ሙከራዬን እንዳትረግጥ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? አዲስ የዘራቸው ችግኞች እዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቆልፎባቸው እየጠወለጉ ነው። ጠዋት ጠዋት ሄዶ በመስታወት ያያቸውና ይመለሳል። ይቺ እትም ካመለጠችው ቀጣዩ እስኪወጣ ድርቆሽ ነው የሚጠብቀው።

የለመነው ሁለት መስመር ማረሚያ ነው። ቦታ የለም ተባለ። እውነት ነው፣ ከየት ይምጣ? «የአርታኢው መልእክት» ሙሉ ገጽ፣ ፎቶው ደግሞ የዚያ ግማሽ! ፎቶው ይነስ ማለቴ እንዳይመስልሽ... እንዲህ ያለ ግንባር ተቀንሶ ባቄላ ይግባ? አንባቢስ ምን ይለናል? ከትከሻው በኩል ትንሽ ጠበብ ብታደርጊው ግን ለሁለት መስመር... አላልኩም! አፌን ቁረጪው።

እዚያ ጥግ የምን ወንበር ነው ሲጥ ሲጥ የሚለው? ነፋስ ነው? ይሁን።

በይ ልሂድ፣ ሥራ አስፈታሁሽ። ግን ሳልመርቀው ብወጣ ደስ አይለኝም፤ ለፍቷላ! ዕድሜና ጤና ይስጠው። ከክፉ ዓይን ይሰውረው። ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያስረክብ ደግሞ፣ ፈጣሪ ከነሙሉ ችሎታው... ልክ እንደራሱ ያለ አርታኢ ይዘዝለት።

አሜን በይ እንጂ! ከፍ አድርገሽ።