ስለ ላውንጁ ሶፋና ስለ እንግዳዬ የተሰጠ የምስክር ቃል

ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ የአውሮፕላን ማረፊያው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ ክፍል 3
ቀንና ሰዓት፦ ሐምሌ 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡20
የምስክሩ ስም፦ በመታወቂያው ቅጂ ላይ እንዳለው፤ በሥራ ቦታው «ጋሽ ስፖንጅ» በመባል ይታወቃል
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ሶፋ ሠሪ
አድራሻ፦ ከእንጨት መጋዘኑ ጀርባ፣ ሁለተኛው ወርክሾፕ
ከባለጉዳዮቹ ጋር ያለው ዝምድና፦ የለውም

ዛሬ ወደ ልጄ ዘንድ ለመሄድ ከጠዋቱ 1፡00 ሰዓት ላይ አውሮፕላን ማረፊያው ደረስኩ። ጭጋግ በመውረዱ በረራዎች በሙሉ መዘግየታቸው በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ልጄ ከትኬቱ ጋር ላውንጅ ወደሚሉት ልዩ የመንገደኛ ማረፊያ ክፍል መግቢያ ካርድ ልካልኝ ነበር። በዚሁ ካርድ የተነሳ ባለፈው እሑድ በስልክ ተጨቃጭቀናል። «ቁጭ ብሎ ለመጠበቅ ደግሞ ካርድ ምን ያደርጋል? ዕድሜ ልኬን ሰው የሚቀመጥበትን ስሠራ ኖሬ እኔ መቀመጫ በካርድ ልለምን?» ስላት «አባዬ፣ ወገብህን አውቀዋለሁ፤ ዝም ብለህ ግባ» አለችኝ። መርማሪው ከጉዳዩ ጋር የተያያዘውን ብቻ እንድናገር አሳስቦኛል፤ ይህ ግን የተያያዘ ነው።

የአዳራሹ ወንበሮች ብረት ናቸው። እስከ 2፡00 ሰዓት በእልህ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ በኋላ ወገቤ እምቢ አለ። ልነሳ ስል አንዲት ወጣት ሴት መቀመጫ አጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አየሁ። እግሯ አብጧል። ነርስ መሆኗን፣ ሦስት ዓመት ሥራ ፈልጋ አሁን በሌላ ከተማ ሆስፒታል መቀጠሯን፣ ነገ ጠዋት 2፡00 ሰዓት ላይ ካልቀረበች ቦታው ለተጠባባቂ እንደሚሰጥ አጫወተችኝ። በካርዱ ጀርባ «ባለ ካርዱ አንድ እንግዳ ይዞ መግባት ይችላል» ይላል። ስለዚህ «ነይ ልጄ፣ እንግዳ ይፈቀዳል» ብዬ ይዣት ሄድኩ።

በር ላይ ያለችው አስተናጋጅ «አባት፣ እንግዳዎ ናት?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። «ስሟን ይንገሩኝ» ስትለኝ «ስሟንማ በምን አውቄ? እንግዳ ናት አልኩሽ እኮ!» አልኳት። እንግዳ ማለት የማውቀው ሰው መሆኑን አስረዳችኝ። እኔም የማውቀው ሰው ከሆነ እንግዳ እንደማይባል አስረዳኋት። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። በመጨረሻ ሳቋ አመለጣትና አስገባችን። በመዝገቧ ላይ «ዘመድ» ብላ የጻፈችው ለመገላገል ነው እንጂ እኔ ብዬ አይደለም። ይህን የምናገረው ዘመድ ለዘመዱ መሰከረ እንዳይባል ነው።

ላውንጁን በተመለከተ ምግቡ ደህና ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው። ሶፋው ግን ላዩ ቆዳ፣ ውስጡ ጉድ ነው። 2፡40 ላይ አንድ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ሻይ ሊቀዳ ሲነሳ እኛ በቦታው ተቀመጥን። ስፖንጁ ከመሳሳቱ የተነሳ ቀጥታ ከእንጨቱ ጋር ተገናኘሁ። በእጄ ብዳብስ በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል ስፌቱ ተተርትሯል። ነርሷ ጫማዋን አውልቃ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እስክትቀሰቀስ ድረስ ከአጠገቧ አልተነሳሁም።

3፡10 ላይ ባለ ኮቱ ሰው ተመልሶ ለሚስቱ የገዛው ቀለበት ከነከረጢቱ እንደጠፋበት እየጮኸ ተናገረ። «እዚህ ነው ያስቀመጥኩት፤ እሷ ናት የተቀመጠችበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አለ። ፖሊስ መጥቶ ሻንጣዋን በሰው ፊት ፈተሸ። አጣጥፋ የያዘችው ነጭ ጋውን መሬት ላይ ወደቀ። ምንም አልተገኘም፤ ሰውየው ግን «ትያዝልኝ» አለ። ነርሷ አላለቀሰችም። «አባባ፣ ባልገባ ይሻለኝ ነበር» ብቻ አለችኝ። ይህ ቃል አንጀቴን በላው፤ ያስገባኋት እኔ ነኝና።

ከዚያ ሶፋው እንዲገለበጥ ጠየቅሁ። ሲገለበጥ የታችኛውን ገበር የያዙትን ምስማሮች በቤቴ ቁልፍ ነቀልኩ። ሁለት ማንኪያ፣ አንድ መነጽር፣ የሕፃን ካልሲና የሰውየው ከረጢት ወደቁ። ቀለበቱ በውስጡ ነበር። ሰውየው ግን «ደብቃው ነው» ብሎ አቤቱታውን አላነሳም ስላለ ሁላችንም ወደዚህ መጣን።

መርማሪው ራሷ ሸጉጣው ሊሆን አይችልም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይችልም። እዚያው ላውንጁ ውስጥ በተተረተረው በኩል እጄን ልሰድ ሞክሬ በፖሊስ ፊት አሳይቻለሁ፤ ከጣት አያልፍም። ከረጢቱ በተቀማጭ ክብደት ሾልኮ ነው የገባው። ሌባ የሚደብቀው መልሶ ሊያወጣ ነው፤ እዚያ የገባ ነገር ያለ ሶፋ ሠሪ አይወጣም። መርማሪው «ሶፋ ሠሪ ይዛ የገባችው ደግሞ እሷ ብቻ ናት» አለኝ። ይዣት የገባሁት እኔ ነኝ ብዬ መለስኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህች ልጅ ግን የምታድርበት ጊዜ የላትም። ጭጋጉ ተገፏል፤ አውሮፕላኗ 5፡30 ላይ ይነሳል።

መርማሪው ከመዝገብ ውጭ ላውንጁ ያዋጣ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በመዝገብ ውስጥ ይጻፍልኝ ብያለሁ። ብቻውን ለሚቀመጥ ሰው አያዋጣም፤ ወገብ ያሳርፋል እንጂ ቀን አያሳጥርም። የቆመ ሰው ይዞ ለሚገባ ግን ያዋጣል። ይህን ለልጄም እነግራታለሁ፤ ጨርሶ ተሸነፍኩ ግን አልላትም።

ቃሌ ሲነበብልኝ ነርሷ አራት ቦታ ላይ «ተጠርጣሪዋ» ተብላ ተጽፋለች። እኔ እንዲህ አላልኩም። መርማሪው የጽሕፈት ቤቱ አጻጻፍ ነው አለኝ። ሆስፒታሉ ይህን ወረቀት ቢያይ በዚያች አንዲት ቃል የሦስት ዓመት ልፋቷ ገደል እንደሚገባ፣ ቃሉ ካልተሰረዘ እስከ ማታም ቢሆን እንደማልፈርም ነገርኩት። እስክሪብቶውን አንስቶ አራቱንም ሰረዘ። በላዩ «ነርሷ» ብሎ ጻፈ።

የተሰረዘው በፊቴ መሰረዙን አይቼ፣ የቀረው በሙሉ ዓይኔ ያየውና እጄ የዳሰሰው እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)፣ 4፡55
የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)፣ 4፡55
የአቤት ባዩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)፣ 5፡25። አቤቱታዬን አንስቻለሁ። የዘገየሁት ሻንጣዋን እስከ መሳፈሪያው በር ተሸክሜላት ነው።