በሩ ወደ መንገዱ ይሁን

ጨርቅ ሻጩ ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት የሚጠርጉት የራሳቸውን ደጅ ብቻ አይደለም። ሱቃቸው ባለበት መንገድ ሱቁን ዘግቶ የሄደ ወይም የሞተ ጎረቤት ካለ፣ አጠገቡ የቀረው ሰው ደጁን ይጠርግለታል፤ የነጋዴዎቹ ልማድ ነው። ድሮ ሰው ከሰው ይጋፋበት የነበረው መንገድ ጭር ካለ ወዲህ ግን ከመሸጡ መጥረጉ በዛ። እኒህ ደግ ሰው ወገባቸውን ይዘው ይጠርጋሉ እንጂ አንድ ቀን አማርረው አያውቁም።

የዚያን ዕለት የሟቹን የጫማ ሻጭ ወዳጃቸውን ደጅ ሲጠርጉ፣ አንዲት ወጣት ከኋላቸው መጥታ ቆመች።

«እንደምን አደሩ አባባ? መጥረጊያውን ለኔ ይስጡኝ እንጂ!»

ዞር ብለው ቢያዩ የወዳጃቸው ልጅ ናት። የከተማ ፕላን ሥራ ተምራ በየአገሩ ስትሠራ የቆየች፣ ከአባቷ ቀብር ወዲህ ያላዩዋት። ግንባሯን ሳሙ።

«ምን እግር ጣለሽ ልጄ?»

«የአባቴን ሱቅ ልከፍት መጣሁ። በመንገዱ ጫፍ ትልቅ መደብር ይመጣል ሲባል፣ ጊዜው አሁን ነው አልኩ።»

«ወይ ጉድ! እኔ በሱ ምክንያት ልዘጋ፣ አንቺ በሱ ምክንያት ልትከፍቺ!» አሉና መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፉ። «ዛሬ ከሰዓት ነጋዴው ተሰብስቦ መደብሩ ይምጣ አይምጣ ብሎ ይመክራል። እኔ እምቢ ባይ ነኝ። ካልሰሙኝ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ እገባለሁ።»

ልጅቱ ደነገጠች፤ እሳቸው ጎረቤት ይሆኑኛል ብላ ነበር የመጣችው።

«እርስዎ ከዘጉ እኔ ብቻዬን ምን ልሆን ነው? ምክንያትዎን እንኳ ይንገሩኝ።»

«ምክንያት ሞልቶ! ሳሙናውንም ድስቱንም ልብሱንም በአንድ ጣራ ሥር ይሸጣል። ሰው በመኪና መጥቶ፣ ጭኖ፣ በመኪና ይሄዳል። እኛን ማን ዞር ብሎ ያየናል?»

እዚህ ላይ ስንቱ የተማረ ሰው በሽማግሌ ይስቃል! እሷ ግን አልሳቀችም።

«እውነትዎን ነው አባባ። እንዲህ ሆኖ የሞተ መንገድ በዐይኔ አይቻለሁ። የመደብሩ በር በስተኋላ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ነበር። በሩ ወደ መንገዱ በሆነበት ከተማ ግን ገበያተኛው በየሱቁ ደጅ በእግሩ ሲያልፍም አይቻለሁ። እርስዎ እምቢ ብለው ቤትዎ ከገቡ፣ በሩ በየት በኩል ይሁን ብሎ የሚከራከርልን ማን ነው?»

ሽማግሌው አገጫቸውን ያዙ። ይህን አላሰቡትም ነበር።

«እሺ፣ በደጄ አለፈ እንበል። ማለፍ መግዛት ነው?»

«አይደለም። ለመሆኑ ሲያልፍ ምን ያያል?» ብላ ወደ ሱቃቸው መስኮት ጠቆመች። መስኮቱ ከላይ እስከ ታች በቡናማ ወረቀት ተሸፍኗል።

«ፀሐይ ጨርቅ ትበላለቻ! የዚህ መንገድ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሸፍነው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ደግሞ የለጠፈችው ባለቤቴ ናት፤ ነፍሷን ይማረው።»

«አውቃለሁ። ወንበር ላይ ቆመው ሲለጥፉ ሙጫውን የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። ጨርቁ ሳይበላሽ እንዲሸጥ ብለው ነው የለጠፉት። አሁን ግን ተደብቆ ቀረ፣ አባባ።»

የሚወዱት ሰው እጅ ያረፈበትን ነገር መንካት ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ሽማግሌው ግን ወደ ሱቁ ገብተው የወረቀቱን ጥግ ያዙና ቀስ ብለው ይልጡት ጀመር። እሷም ከታች ተቀበለቻቸው። አጣጥፈው ከመደርደሪያው ላይ አኖሩት።

ገና መስታወቱን ሲወለውሉ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ቀጥ ብላ ቆመች።

«እንዴ! ይሄ ሱቅ ክፍት ነው? በየቀኑ ሳልፍ የተዘጋ ነበር የሚመስለኝ። ያ ሰማያዊው ለመጋረጃ ይሆናል?»

«ይሆናል እንጂ! ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ!» አሉ እየተጣደፉ። ወደ ልጅቱም ዞረው፣ «እንግዲህ ፊት ለፊት ያለው ጨርቅ ትንሽ ይደብዝዝ» አሉ።

ከሰዓት በስብሰባው ላይ የተናገሩት አጭር ነበር፦ «መደብሩ ይምጣ፤ በሩ ግን ወደ መንገዱ ይሁን። እኛም ወረቀታችንን እንላጥ።» ማጉረምረም አልጠፋም፤ ሆኖም ነጋዴዎቹ በዚሁ ተስማሙ፣ የመደብሩንም ባለቤት አስረድተው አሳመኑት።

ሁሉም እንደ ድሮው ቀጠለ ማለት ውሸት ነው። ድስት ሻጩ ከመደብሩ ጋር መወዳደር አቅቶት ወደ ድስት ጠጋኝነት ዞረ። ነገር ግን ለሳሙና የመጣ ሰው ጨርቅ እያየ ይቆማል፤ ትልቁ መደብር የጠመመ መስኮት ለክቶ መጋረጃ አይቆርጥለትምና። ለውጥን በደፈናው ከመግፋት ይልቅ በሩን ማስዞር የሚበጀው ለዚህ ነው።

ልጅቱ ሱቋን በከፈተችበት ጠዋት፣ ሽማግሌው የአባቷን ደጅ ጠርገው አጋምሰው ሳለ ደረሰችባቸው። ቀና አሉና መጥረጊያውን ሰጧት።

«ይኸው። ባለቤት ያለው ደጅ በጎረቤት አይጠረግም። የቀረውን አንቺ ጨርሺው» አሉና፣ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ እያበሱ ወደ ራሳቸው ሱቅ ገቡ።