የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ

ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ቱታው ነጭ ቀለም በቀለም የሆነ ጎልማሳና አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ቀድሞ አይተዋወቁም።

«ጣትህን ምን ሆነህ ነው የምታሸው ልጄ?» አሉት።

«ምንም አይደል ማዘር። ቀለም የምንረጭበት ፓምፕ አፉ ሲደፈንብኝ በጣቴ ልጠርገው ስል ወጋኝ። ይኸው፣ የመርፌ ጫፍ ብታህል ነው።»

«ደማ?»

«አልደማም። ብዙም አያመኝም፣ ደንዘዝ አለኝ እንጂ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂድ።»

«ለዚች? ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ። ባለቤቴም ቀለም ቀቢ ነበር። ልክ እንዲህ ወጋው። እኔም በሙቅ ውሃ አጠብኩለትና ‹ተኛ፣ ሲነጋ ይሻልሃል› አልኩት። ለካ ቀለሙ በፓምፑ ግፊት ውስጥ ለውስጥ ገብቶ ኖሯል። ጣቱን ቆረጡት።»

ሰውየው ጣቱን ማሸቱን ተወ።

«በዕለቱ ብትመጡ ጣቱ ይተርፍ ነበር አሉን ሐኪሞቹ። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም።»

«እሺ ማዘር። ቤት ደርሼ ልብሴን ልቀይርና እሄዳለሁ።»

«በቱታህ ሂድ። ሐኪሙንም ተወጋሁ ብቻ እንዳትለው፤ ቀለም በፓምፕ ገባብኝ በለው።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ወራጅ አለ። ሁለት ነን» አሉ።

«እርስዎ ለረዳቱ ቦሌ ነኝ አላሉም?»

«ቦሌ የትም አይሄድም።»

ተያይዘው መንገዱን ሲሻገሩ እያየሁ፣ ሳላውቀው የራሴን ጣት በመዳፌ ይዤው ነበር።