ጅጋ ላይ የቆመው ውድድር

አቶ ተስፋው፣ እባክዎ ያን የእጅ ሰዓት ኪስዎ ይክተቱልኝ። ዛሬ በክብር ግብዣዎ ላይ እንኳ ንግግሬን አይለኩብኝ።

በ1985 ዓ.ም. ከአዴት ተዛውረው ፍኖተ ሰላም ስፖርት ጽሕፈት ቤታችን ሲመጡ፣ ከመናኸሪያ ጀምሮ ብስክሌትዎን በትከሻዎ ተሸክመው ነበር።

«ምነው፣ ታመመ እንዴ?» አልኩዎ።

«አይ እትዬ፣ ጠጠሩ ጎማውን እንዳይበላው ብዬ ነው።»

የራስዎ ጫማ ሶል ግን ተገንጥሎ ይጎተት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባችን ሁሉ በእርስዎ ፊሽካ ይከፈት ጀመር። በልጅዎ ሠርግ ሙሽራው ሲዘገይ ፊሽካ ነፍተው «ስድስት ደቂቃ!» ያሉትን ማን ይረሳዋል?

አሁን ቁም ነገር ላውራ። በ1999 የሴቶች ብስክሌት ውድድር ነበረን፤ የአንድ ቀን፣ ደመወዝተኛ የክለብ ተወዳዳሪዎች ብቻ የገቡበት። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው፣ ደምበጫ ደርሰው ተመልሰው፣ ቡሬ ይገባሉ። እርስዎ በሞተር ሳይክል ከፊት መሪ፣ እኔ ከቀዳሚዋ ኋላ በምትሄደው መኪና ላይ መዝጋቢ። የእኛዋ ባንቺአየሁ ካላሸነፈች ክለቧ ሊያሰናብታት ነው።

ከደምበጫ መልስ ብቻዋን መርታ ጅጋ ከተማ ስትደርስ የቀብር ሕዝብ መንገዱን ሊያቋርጥ ብቅ አለ። ሞተርዎን መንገዱ ላይ አግድመው ቆሙ።

«ጋሼ ተስፋው፣ ጠፋሁ! ልለፍ!» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

«ሬሳ እያለፈ ነው፤ ውረጂ ልጄ።»

ሌሎቹም ደርሰው ወረዱ። ቀብሩ ሲያልፍ እርስዎ እሷን ለቀቁና የቀሩትን አገዷቸው።

«ይህ የትኛው ደንብ ላይ ነው ያለው?» ብሎ አንድ የቡድን መሪ ጮኸብዎ።

«ደንቡ ላይ የለም። እሷ በአንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ትቀድማችሁ ነበር፤ ያንኑ ያህል ቀድማ ትሄዳለች።»

ቡሬ በዘጠኝ ሰከንድ ቀድማ ገባች። ክለቡም አቆያት፤ ይኸው ዛሬ አሠልጣኝ ሆና ከጎንዎ ተቀምጣለች።

እኔ ግን ሪፖርቱ ላይ «ውድድሩን ከደንብ ውጪ አቁመዋል» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡና «ወይዘሮ እናኑ፣ ያቆምኩበትን አራት ሰዓት ብለዋል፤ አራት ከሰባት ደቂቃ ነው» ብለው፣ አርመው ፈረሙበት። በዚያ ወረቀት አንድ ዓመት ውድድር እንዳይመሩ ታገዱ። አንድም ቀን ፊት አልነሡኝም፤ ጠዋት ጠዋት ቀድመው «እንደምን አደሩ» የሚሉኝ እርስዎ ነበሩ።

ደንቡን በትክክል ጠቅሻለሁ፤ እርስዎን ግን በድያለሁ። ዘጠኝ ዓመት የዘገየ ይቅርታዬን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይቀበሉኝ። ስለ ትዕግሥትዎም አመሰግናለሁ።

ባንቺአየሁ፣ ለጋሼሽ ጠጁን ሙይላቸው። እናንተም ብርጭቋችሁን ይዛችሁ ተነሡ፤ በሕይወት ላለ ሰውም ይቆማል። ለአቶ ተስፋው! ዕድሜና ጤና ይስጥልን!