በእጅ የተመረጠው የሞተር መቀመጫ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሞተር ሳይክል የተሰጠውን ሰው መቀመጫው ተመቸህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ሞተር ማግኘት ራሱ ሹመት ነው፤ ሹመት ደግሞ ቆረቆረኝ አይባልም። እኔም የከብት ሐኪም ሆኜ ከደብረ ታቦር ገሳይ፣ ከገሳይ ገጠር ስመላለስ ስንት ዘመን በዚያ ደረቅ መቀመጫ ላይ ኖርኩ። ጡረታ ወጣሁ እና የራሴን ሞተር ገዛሁ፤ ላም ታመመች ብለው እየደወሉልኝ እንዴት ብዬ ልተው? ታዲያ ወገቤ ከዳኝ። ከሞተር የምወርደው እንደ ማጭድ ጎብጬ ሆነ።

ልጄ ደምሴ አየኝና «አባየ፣ እንግዲህ ይበቃዎታል። ገዢ አግኝቻለሁ፣ ይሸጥ» አለኝ።

«ሞተሩ ነው ወይስ እኔ?» አልኩት።

«ሞተሩ ነዋ! እርስዎንማ ማን ይገዛል?»

ቤት ያለው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ሞተሩ ሄደ ማለት ደጃፍ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚ ስቆጥር ልውል ነው። «እስከ ቅዳሜ ሳምንት ታገሠኝ» አልኩት። «መቀመጫውን ቀይሬ ገሳይ ደርሼ እመለሳለሁ። ጎብጬ ከወረድኩ ሽጠው፤ ቀጥ ብዬ ከወረድኩ ግን ይሸጥ የምትል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ!»

«እሺ፣ ግን ከኋላዎ ተቀምጬ አያለሁ» አለ።

ታዲያ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ እና አንዱን አየሁ፤ ወፍራም፣ በቀይ ክር የተሰፋ፣ ምን ልበላችሁ፣ የፋሲካ ሙክት ነው የሚመስለው! እኔም እንደ ሙክት ዳሰስኩት። ጫን ባደርገው እጄ ስምጥ አለ። ባለሱቋ «ላባ ነው ጋሼ፣ ላባ!» ትለኛለች። አጠገቤ የቆመውም ይጫናል፣ ሌላውም ይጫናል፣ ሁላችንም ተጫንን፤ አንድም ሰው ግን አልተቀመጠበትም! ገዛሁት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ሞከርኩት። ከከተማ እስክወጣ ንጉሥ ነኝ። ጠጠሩ መንገድ ላይ ስደርስ ስፖንጁ ተኛ፣ ተኛ፣ ተኛና ከሥሩ ያለው ብረት «እንደምን አደርክ» አለኝ። ቆሜ እየነዳሁ ተመለስኩ፤ ስሙኝ፣ ቆሜ!

ገበያው ዳር ኮርቻ ሰፊው እንድሪስ አየኝ። እኩያዬ ነው፤ የበቅሎ ኮርቻ ሲሰፋ ነው የሸበተው።

«ምነው ሞተር ላይ የቆምከው? ሰልፍ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። መቀመጫውን አገላብጦ አየና «በምን መረጥከው?» አለ።

«በእጄ ነዋ።»

«በእጅህ ነው የምትቀመጠው?»

አፈርኩ። እሱ ግን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ደረቅ አሸዋ አፈሰሰ፣ ጨርቅ ጣል አደረገበት እና «ተቀመጥ» አለኝ። በቅዳሜ ገበያ መሐል! ተቀመጥኩ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ጋሼ፣ እንቁላል ታቀፉ እንዴ?» ብላ ገበያውን ሰበሰበችብኝ። «አዎ፣ ሲፈለፈል አንድ ጫጩት አለሽ» አልኳት።

ስነሣ አሸዋው ላይ ሁለት ጉድጓድ ቀርቷል። እንድሪስ ጣቱን ከተተና «አየህ፣ የምትቀመጠው በእነዚህ በሁለት አጥንቶች ነው። እነሱ ሲሰምጡ ወገብህ ይጎብጣል። ኮርቻ ሲሰፋ የበቅሎዋን አከርካሪ እንዳይነካ መሐሉ ክፍት ይተዋል። ወላሂ፣ ዕድሜ ልኬን ለበቅሎ አዘንኩ፤ እስቲ ዛሬ ደግሞ ላንተ ልዘን» አለኝ። እና ያንን ሙክት ቀደደው። ጠንካራ ስፖንጅ አስገባበት፤ ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት ጠበብ ያለ፣ መሐሉ ላይ እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለ። በእጄ ብጫነው እምቢ አለ።

«ይሄማ ድንጋይ ነው!» አልኩ።

«ዝም በልና ተቀመጥበት!»

ደምሴም መጣና ዳሰሰው። «የኋላውን፣ የእኔን ቦታ፣ ያንኑ ለስላሳውን ይተዉልኝ» አለው። እንድሪስ እየጠቀሰኝ «ይተውለት» አለ።

ቀኑ ደረሰ። ገሳይን አልፈን ጠጠሩን ገባንበት እና አንድ ወይፈን መርፌ ወግቼ ዞርን። ታዲያ ከኋላዬ ድምፅ ይሰማኛል።

«አባየ፣ ትንሽ እንረፍ?»

«ምነው?»

«አይ… አገሩን ልይ ብዬ ነው።»

«አገሩ እየሄዱም ይታያል!»

ደብረ ታቦር ገባን። ጎረቤቱ፣ ባለቤቴ፣ ሁሉም ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እግሬን አሻገርኩና ወረድኩ፤ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ! ደምሴ ደግሞ በጎኑ ተንሸራቶ፣ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ መሬት መሬት እያየ ወረደ።

ባለቤቴ እኔንም አየች፣ እሱንም አየች እና «ከሁለታችሁ ጡረተኛው የትኛው ነው?» አለች።

ደምሴ ስልኩን አወጣና ለገዢው ደወለ። «ሞተሩ ተሽጧል» አለው። ያ ሰው ለማን ቢለው ነው መሰለኝ፣ ልጄ ወገቡን እያሸ «ለአባቴ!» አለ።

ሃ ሃ ሃ! ለአባቴ!